የእማዬ ሰረዞች

ለምወድሽ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ መነጽርሽን ፈልገሽ፣ ወንበርሽን ወደ መስኮቱ አስጠግተሽ፣ እግርሽን ዘርግተሽ እንደምታነቢው አውቃለሁና መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለ ጉልበትሽ ነው። እንዴት ሰነበተ? እሺ ይላል ወይስ አሁንም ያኮርፋል? እህቴስ እንዴት ናት? መንትዮቿስ? የአንዱ ጥርስ ወልቆ ሌላው "የእኔ ለምን አልወለቀም" ብሎ ሙሉ ቀን እንዳለቀሰ የሰማሁ ዕለት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ደንበኛ ታዝቦኛል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ በጣም ሰላም ትልሻለች። የላክሽላት ሹራብ ልክ ሆኗታል፤ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዝሟል፤ ይህን ግን እኔ አልነገርኩሽም።

ለምን አልደወለም ትይኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደወልኩ እኮ። ሦስቱንም ጊዜ "የምርምር ተቋሙ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መስመሩ ተበላሸ። ከዚያ በፊት ስለ ሽንኩርት አሥር ደቂቃ ስናወራ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ሃያ ዓመት ነግጃለሁ እማዬ፤ ያልሰማን ሰውና መስማት ያልፈለገን ሰው እለያለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ደብዳቤ ጀምሮ መተው ደግሞ አንቺ አይሆንልሽም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ እስከ ፋብሪካው አድራሻ ድረስ ነው የምታነቢው።

ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን ነገር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንደማሰፍር ታውቂያለሽ። የምነግርሽን ሁሉ ከዚያ እየቀዳሁ ስለሆነ፣ አጋነነ አትበይኝ።

ከሦስት ወር በፊት ተቋሙ ጨረታ አወጣ። ድረ ገጹ ላይ የተቀመጡት የድሮ የምርምር ጽሑፎች የተጻፉት አንቺ ትተይቢበት በነበረው ፕሮግራም ነው። ያንን ፕሮግራም ዛሬ የሚሸጥ ኮምፒዩተር አያውቀውም። ተማሪ አንዱን ጽሑፍ ከፍቶ ላንብብ ሲል የሚያየው የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ነው። ስለዚህ ጽሑፎቹን በሙሉ ወደ አዲስ የፋይል ዓይነት ማዛወር አስፈለገ፤ በስልክ ወደሚነበብ፣ ቃል ሲፈልጉበት ወደሚገኝ፣ ማየት ለማይችል ሰው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ጮክ ብሎ ወደሚያነብለት። ጽሑፎቹ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ናቸው። የሃያ ሦስት ዓመት ሥራ ነው።

ወረቀት ሻጭ ምን ጥልቅ አደረገው ትያለሽ። እኔ ግን ነገሩን ሳየው እህል ከአሮጌ ጆንያ ወደ አዲስ ጆንያ ማዛወር ነው፤ ዋናው እንዳይፈስ መጠበቅ ነው። ሌሎቹ ተጫራቾች ጆንያውን ሳያዩ "በሳምንት እንጨርሳለን" አሉ። እኔ ሄጄ አየሁና "ሦስት ወር" አልኩ። ሰጡኝ። ከዚያ አንዲት ፕሮግራመር ቀጠርኩ። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲወርዱ ቆርቆሮ ጣሪያ የመታ ዝናብ ስለሚመስሉ ዝናቧ እላታለሁ። እሷ ጋሼ ትለኛለች፤ ስትናደድም ጋሼ፣ ስትስቅም ጋሼ።

የመጀመሪያው ቀን ጽሑፎቹ ከሚታተሙበት መጽሔት አዘጋጅ ጋር ተገናኘን። አንቺ ሃያ ሦስት ዓመት ጽሑፋቸውን የተየብሽላቸው ዶክተር ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሆኖም መጽሔቱን ለሌላ ሰው ማመን ስላልቻሉ በየቀኑ ይመጣሉ። ተማሪዎቹ አሁንም ጋሽ ነጥብ ይሏቸዋል፤ የጎደለች ነጥብ ካዩ ምሳ አይበሉም። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። እጄን ጨብጠው ሳይለቁ ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር "የእናትህ ጉልበት እንዴት ነው?" የሚል ነበር። ስለ ጉልበትሽ እኔ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ከማን እንደሰሙ ስጠይቃቸው "ሰው ያወራል" አሉና ስለ ፋይሎቹ ማስረዳት ጀመሩ። ገዢ ሲቸኩል ለምን ቸኮልክ ብዬ አልጠይቅም። ማስታወሻዬ ላይ ግን ጻፍኩት።

ሥራው በመጀመሪያ እንደ ቅቤ ነበር። ዝናቧ አንድ መሣሪያ ሠርታ አሮጌውን ፋይል በአንድ በኩል ታስገባለች፣ አዲሱ በሌላ በኩል ይወጣል። በቀን ሰባ፣ ሰማንያ። ልንፈክር ጥቂት ነው የቀረን።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። ዝናቧ የማንበቢያውን ድምፅ ልትሞክር ከፈተችው፤ እኔ ሻይ ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ኮምፒዩተሩ ስለ ድንች ማከማቻ የተጻፈ ምርምር በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ ያነባል። "መጋዘኑ ሦስት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ድንቹ በሙሉ በረዶ ሠርቶ ተሰነጣጠቀ" አለ።

"አቁሚው!" አልኳት።

"ምን ሆንክ ጋሼ? ሻዩ አቃጠለህ?"

"ድንች በሦስት ዲግሪ በረዶ አይሠራም።"

"ጋሼ፣ የጻፉት እኮ ዶክተሮች ናቸው። አንተ ወረቀትህን ሽጥ።"

"ከወረቀቱ በፊት አምስት ዓመት ድንች ሸጫለሁ። በሦስት ዲግሪማ ለራሱ ተመችቶት ነው የሚያድረው!"

ሳቀችብኝ። ዕቃ ቤት ወርደን የታተመውን መጽሔት ፈልገን አወጣነው። "ከዜሮ በታች ሦስት" ይላል፤ ከሦስቷ ፊት ሰረዟ ቁጭ ብላለች። መሣሪያችን በልቷታል። ዝናቧ ሳቋን አቁማ ሌላ ከፈተች፣ ሌላ ከፈተች። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ሙሉ ሰረዝ ስንበላ ከርመናል። ብርዱ ሙቀት ሆኗል፤ ክብደት የቀነሱ ጥጆች ወፍረዋል።

ምክንያቱን ያወቁት ጋሽ ነጥብ ናቸው። ስንነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። "የዚያ ዘመን ማተሚያ ሰረዝ ይውጥ ነበር" አሉ። "እሷ ናት መላ የፈጠረችው። ማንም የማይነካውን ቁልፍ መርጣ፣ ሲታተም ሰረዝ ሆኖ እንዲወጣ አደረገችው።" አንቺን ማለታቸው ነው። ስምሽን አልጠሩም፤ "እሷ" ነው ያሉት። ክፍሉ ውስጥ ሌላ እሷ የሌለች ይመስል።

መሣሪያው ያንን ቁልፍ ስለማያውቀው ጥሎት ያልፋል። ዝናቧ "እንግዲያው ቀላል ነው፤ ባለበት ቦታ ሁሉ ሰረዝ ልተካበት" አለችና ተካች። አንድ የትምህርት ጥናት ላይ "ከ10 እስከ 15 ተማሪዎች" የሚለው "10፣ ከዜሮ በታች 15 ተማሪዎች" ሆኖ ቁጭ አለ። ማተሚያው ሲቀየር አንቺም ቁልፍ ቀይረሻል፤ የድሮው ቁልፍ ደግሞ "እስከ" ሆኗል። ጋሽ ነጥብ ወረቀቱን አይተው "ከዜሮ በታች የሆኑ ተማሪዎችስ እኔም አስተምሬ አውቃለሁ" አሉ። ዝናቧ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። የታተመ ቅጂ ያላቸውን እያመሳከርን አረምን። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ግን የታተመ ቅጂ የላቸውም፤ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ከርሞ ወረቀቱ አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ጡብ ደርቋል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ቁርጡን ነገረን። ቁጥሩ ያልተረጋገጠ ጽሑፍ ወደ አዲሱ ማኅደር አይገባም፤ የተሳሳተ ቁጥር ከሚገባ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ፋይሎቹ ያሉበት አሮጌ ማሽን ወሩ በሠላሳ ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ እነዚያ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጽሑፎች የሉም ማለት ነው። አሥራ ዘጠኙ የጋሽ ነጥብ የራሳቸው ናቸው። ተቆጣጣሪው ከወጣ በኋላ እሳቸው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች በቁመታቸው ቅደም ተከተል ደረደሩ።

ሦስት ጊዜ የደወልኩልሽ ለዚህ ነበር። በሦስተኛው መስመሩ ከመበላሸቱ በፊት፣ ጥያቄዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ "ረስቼዋለሁ በላቸው" ብለሽ ዘጋሽው። አንቺ! ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የጣልኩትን ጃንጥላ ቀለም የማትረሺ! እህቴ ደግሞ ባትጠይቀኝ ይሻላል ብላ፣ ሳልጠይቃት፣ ሰማያዊው ደብተርሽ ስፌት መኪናው ሥር እንዳለ ነገረችኝ። የትኛው ቁልፍ በየትኛው ዓመት ምን እንደሆነ እዚያ ላይ መጻፍሽን ጋሽ ነጥብም ያስታውሳሉ። በፖስታ ላኪው እንዳልል በዚያ በጸሐፊዎች አጭር ምልክት ነው የጻፍሽው፤ ከአንቺ በቀር የሚያነበው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ላይ ሻይ ካለሽ አንድ ጊዜ ፉት በይ።

ሐሙስ ዕለት ዝናቧ የጠፉትን ምልክቶች ስታድን አንድ ነገር አገኘች። አሮጌው ፕሮግራም በጽሑፉ ጎን፣ ሲታተም የማይወጣ ማስታወሻ መጻፊያ ነበረው። "ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ሰዎች አሉ" አለችኝ። ሄጄ አየሁ። አንዱን እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦ "ዶክተር፣ ይህ ቁጥር ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም።" ከሥሩ፦ "ልክ ነሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አርሚው።" ሌላው፦ "ዶክተር፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አነበብኩት፤ አልገባኝም።" ከሥሩ፦ "ለእኔም አልገባኝም። ሰርዢው።" በየፋይሉ እንዲህ ነው። ለካ በዚያ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ቢሮ ውስጥ ሁለታችሁ በአፋችሁ "ደህና አደርሽ፣ ደህና አደሩ" ብቻ ስትባባሉ፣ ወሬያችሁ በሙሉ ድንችና ጥጃ ጎን ነበር!

ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ቁጥር የሌለባቸው ማስታወሻዎች በዙ። አንዱ ላይ ስለ እኔ አይቻለሁ፤ "ልጄ ትምህርቱን ትቶ ድንች ሊሸጥ ነው" ብለሻል። ከሥሩ፦ "አይዞሽ። ማሰብ የሚችል ሰው የትም ቢቆም ያስባል።" እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ዝናቧንም ዝጊው አልኳት። ዘጋችው፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል፤ ለካ ጠዋት ሁሉንም አንብባለች። "ጉንፋን ነው" አለችኝ። እሺ ጉንፋን ይሁን።

ማስታወሻዎቹ የምርምር ጽሑፍ አይደሉም፤ ውሌ ውስጥም የሉም። ወደ አዲሱ ማኅደር አላዛወርኳቸውም። ሁሉንም በአንድ ዲስክ ላይ ለብቻ አስቀምጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሌላ ቅጂ የለም።

አንዷን ግን በወረቀት አውጥቼ፣ አጥፌ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ለብቻ ከትቻታለሁ። ያለችው አንቺ በመጨረሻ በተየብሽው ጽሑፍ ጎን ነው። የጻፏት እሳቸው ናቸው፤ ከሥሯ መልስ የለም። ማንበብ አልነበረብኝም፤ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አየሁ። ስለ ሳይንስ አለመሆኗን ለማወቅ አንድ መስመር በቂ ነበር።

ስለዚች ማስታወሻ የምነግርሽ ነጋዴ የሚያየውን ብቻ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን። የተጻፈችው ከስምንት ዓመት በፊት፣ አንቺ ጡረታ ልትወጪ አንድ ቀን ሲቀርሽ፣ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ዓርብ ጠዋት ገብተሽ ፋይሉን እንደ ልማድሽ ትከፍቺዋለሽ ተብሎ ነው። ዓርብ ጠዋት ምን እንደሆነ የነገርሽን አንቺ ራስሽ ነሽ፤ ቅዳሜ ይመጣሉ የተባሉት አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች አንድ ቀን ቀድመው መጥተው፣ ስትገቢ ጠረጴዛሽ ላይ የጠበቀሽ የማሽንሽ ቦታና አቧራ ብቻ ነበር። ፋይሎቹ ያሉበት አሮጌ ማሽን ደግሞ ፋይል መቼ እንደተከፈተ ይመዘግባል። ያ ፋይል ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ዝናቧ እስክትከፍተው ድረስ ማንም አልከፈተውም።

ዓርብ ማታ ቤት ገብተሽ "ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ሠርቼ አንዲት ቃል የለውም" ብለሽ ነበር። ሰኞ እህቴ ጋ ሄድሽ። እኔ የዚያን ጊዜ ቃል ያልሽው የሥራ ባልደረባ ምስጋና መስሎኝ ነበር። ጎበዝ ነጋዴ ነኝ እላለሁ እንጂ ቤቴ ውስጥ ያለውን አላየሁም።

ይህን ለእሳቸው መንገር ይገባኛል ወይስ አይገባኝም እያልኩ አንድ ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ ነገርኳቸው፤ ፋይሉ እንዳልተከፈተ ብቻ። ቆመው ነበር፣ ተቀመጡ። "አንብባው ነበር ብዬ እኮ…" አሉና ቀሪውን ተዉት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ከዚያ "መነጽሬን አይተሃል?" ብለው ጠየቁኝ።

እማዬ፣ ለመረጃ ያህል ልጨምርልሽ። አባቴ ካረፈ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ነፍሱን ይማር። እኔም እህቴም ፀጉራችን መሸበት ጀምሯል። እዚህ ቤት የማንንም ፈቃድ የሚጠብቅ ነገር የለም። እህቴንም አማክሬያት "ስምንት ዓመት ሙሉ የፖስታ ሰው ሲያልፍ ለምን በመስኮት እንደምታይ አሁን ገባኝ" አለች። እኔ አልሰማሁም፤ መስመሩ ተበላሽቶ ነበር።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ዛሬ ወሩ በገባ አሥራ ሁለት ነው። ቀጥታው አውቶቡስ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከእናንተ ይነሳል፤ ከፊት፣ እግር መዘርጊያ ያለው ወንበር ተይዞልሻል። ደብተሩን እጅ ቦርሳሽ ውስጥ ያዥው፤ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው። ዝናቧ "የቁልፏን ሴትዮ ሳላይ አልሞትም" ብላ አንቺ የምትቀመጪበትን ወንበር ከሌላ ክፍል ሰርቃ አምጥታለች። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን አንቺ ስትነግሪያት እሷ ስታርም በአሥር ቀን ትጨርሱታላችሁ። ደብተሩን ብቻ በእህቴ እጅ ልላክ ብትይም ጽሑፎቹ አይድኑም። ያንቺ ዓይን የግድ ነው፤ ይህ የንግድ ብልሃት አይደለም፣ እውነቱ ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ጋሽ ነጥብ ያን ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ሱቄን ተላምደዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ከቢሮ ሲያገኙ የኖሩ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀትና አንድ ፖስታ ገዙ። በማግስቱ "ተበላሸብኝ" ብለው ሌላ ገዙ። ከዚያ ሌላ። እስከ ትናንት አሥር ደርሰዋል፤ እኔም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሸጥኩላቸው። ዛሬ ጠዋት አሥራ አንደኛውን ሲገዙ ግን ወዲያው አልወጡም። ባንኮኒው አጠገብ ቆመው ቆይተው፣ ዓይናቸው ደብተሮቹ ላይ እንዳለ፣ ቴምብር እሸጥ እንደሆን ጠየቁኝ።

ቴምብር አልሸጥም። ለዚህ ደብዳቤ ሁለት ገዝቼ ነበርና አንዱን ሰጠኋቸው።

ስለዚህ ፖስተኛው አንድ ቀን ሁለት ፖስታ ቢያመጣልሽ የእኔን አስቀድሚና አንብቢ፤ ያኛው ጊዜ ይፈልጋል።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ መንገድሽን ቀና ያድርገው። መንትዮቹን ሳሚልኝ፤ ጥርሱ ያልወለቀውን ሁለቴ።

ረቡዕ መናኸሪያ የሚጠብቅሽ
ወንዱ ልጅሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መናኸሪያ ብቻዬን ላልሆን እችላለሁ። ሰማያዊውን ሻርፕሽን አድርጊ።